ከለንደን ወጥቶ ሊንከንሻየር ገጠር ቤት መግዛት ያዋጣል?

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ነው። ጠያቂዋ ከባለቤታቸውና ከ9 እና ከ4 ዓመት ልጆቻቸው ጋር ምሥራቅ ለንደን ውስጥ በግል ኪራይ ይኖራሉ። እሳቸው የአረጋውያን መንከባከቢያ ቤት ይሠራሉ፤ ባለቤታቸው ሆቴል ውስጥ የማታ ፈረቃ ናቸው። ሊንከንሻየር ውስጥ ከሆልቢች ከተማ ወጣ ባለች መንደር ባለ 3 መኝታ ቤት በ215,000 ፓውንድ አይተዋል። «በዚህ ገንዘብ ለንደን ውስጥ የሚረባ ስቱዲዮ እንኳ አይገኝም። ግቢው ሰፊ ነው፣ ልጆቹ ወደውታል። የጋዝ መስመር ስለሌለው ማሞቂያው በዘይት ነው ተብለናል። መንጃ ፈቃድ ባለቤቴ ያለው የኢትዮጵያ ነው፣ እኔ ነድቼ አላውቅም። ጓደኞቻችን ገጠር ገብታችሁ ልትቀበሩ ነው ይሉናል። ኑሮው እውነት እንዴት ነው? ባለቤቴ በሳምንት 3 ቀን ለንደን እየተመላለሰ መሥራት ይችላል? ቤቱንስ እንግዛው?» ይላሉ።

መልሴን አስቀድሜ ልናገር። ያንን ቤት አትግዙ። አካባቢውን ግን ከሐሳባችሁ አታውጡት። ቤቱ ገጠር መሆኑ አይደለም ችግሩ። መኪና የሚነዳ ሰው ለሌለበት፣ አባወራው ደግሞ በሌሊት ከለንደን ለሚመለስበት ቤተሰብ የሚሆን ቦታ ላይ አልቆመም። እዚያው ወረዳ ውስጥ፣ ትንሽ ከፍ ባለ ዋጋ፣ ለእናንተ የሚሆን ቤት አለ።

«ገጠር ስለሆነ ርካሽ ነው» የሚለውን ሐሳብ መጀመሪያ ላርመው። ብዙው የእንግሊዝ ገጠር ውድ ነው። ኮትስዎልድስ ወይም ሰሪ ውስጥ ያለች ትንሽ የድንጋይ ቤት ከምሥራቅ ለንደን አፓርታማ በዋጋ ልትበልጥ ትችላለች። እዚህ አገር ገንዘብ ያለው ሰው ሲደላው ወደ ገጠር ነው የሚሸሸው። ስለዚህ ገጠር ሆኖ ርካሽ ቦታ ስታዩ ምን ጎድሎት ነው ብላችሁ ጠይቁ። ካውንቲ ደርሃም ውስጥ የከሰል ጉድጓዶቹ የተዘጉባቸው መንደሮች ርካሽ ናቸው፤ ሥራው ከጉድጓዱ ጋር ሄዷል። ምሥራቅ ዮርክሻየር፣ ሆልደርነስ ጠረፍ ላይ፣ ባሕሩ በየዓመቱ መሬቱን እየቆረሰ ስለሚወስድ ዳር ላይ ያሉ ቤቶች ዋጋ የላቸውም። ሆልቢች አካባቢ የጎደለው ባቡር ነው። የመንገደኛ ባቡር በ1959 እ.ኤ.አ. ቆሞ ከዚያ ወዲህ አልተመለሰም። ደመወዙም ዝቅ ያለ ነው። አብዛኛው ሥራ እርሻ፣ አትክልት ማሸጊያና የምግብ ፋብሪካ ነው። የለንደን ደመወዝ ያለው ሰው በቀላሉ የማይደርስበት ቦታ ስለሆነ ዋጋው ወርዷል። የእናንተ ዕቅድ ደግሞ ያንኑ የለንደን ደመወዝ ይዞ እዚያ መኖር ነው።

ኑሮው እንዴት ነው ላሉት፣ አገሩን ልንገራችሁ። እኔም የምኖረው እዚያው ክፍለ አገር ነው፤ ሥራዬም ቤት ለሚገዙ ሰዎች ማማከር ነው። አካባቢው ፌንስ ይባላል። ከባሕርና ከረግረግ በቦይና በፓምፕ የተነጠቀ መሬት ነው። ኮረብታ የለም። ሜዳው እንደ ጠረጴዛ ለጥ ብሎ አድማስ ድረስ ይሄዳል፣ ሰማዩ ይከብዳል። አንዳንድ ሰው ይህን ሲያይ ይተነፍሳል፣ አንዳንዱ ጭንቅ ይለዋል። የትኛው እንደሆናችሁ የምታውቁት በጥር ነው። አፈሩ ከመላው እንግሊዝ ምርጥ ከሚባሉት አንዱ ነው፤ ድንች፣ ጥቅል ጎመን፣ አበባ ጎመን፣ ሽንኩርት፣ በጸደይ ደግሞ አበባ። መኸር ከተሰበሰበ በኋላ ማሳ ላይ የቀረ ጎመን ሲበሰብስ ሽታው ቤት ድረስ ይገባል። ይህን የቤት ወኪል አይነግራችሁም። በመኸር ወቅት ትራክተር በሌሊትም ይሠራል፣ መንገዱም ጭቃ ይሆናል።

ጥሩው ነገርም ብዙ ነው። ገበሬዎች በራቸው ላይ ድንች፣ እንቁላል፣ ዱባ፣ ጎመን አስቀምጠው ትንሽ ሣጥን ይተዋሉ። ሣንቲሙን ጥላችሁ ዕቃውን ትወስዳላችሁ፤ ማንም አይቆጣጠርም። ለጾም ወራት ከዚህ የተሻለ ሰፈር አላውቅም። ልጆች ብስክሌት የሚነዱበት ግቢ ይኖራቸዋል። ቡና ስትቆሉ የጋራ ኮሪደር የጭስ ደወል አይጮህም፣ የላይኛው ፎቅ ጎረቤት በር አያንኳኳም። ጸጥታው እውነተኛ ጸጥታ ነው። ክረምት ላይ ግን፣ በዲሴምበር፣ በእኛ አቆጣጠር ገና 10 ሰዓት ሳይሞላ ይጨልማል። ከመንደሩ ወጣ ስትሉ የመንገድ መብራት የለም። የእግረኛ መንገድም ብዙ ቦታ የለም። ልጅ እጅ ይዞ በጨለማ፣ መኪና በሚበርበት ጠባብ መንገድ ዳር ወተት ልግዛ ብሎ መሄድ የማይታሰብ ነው።

የምክሬ ዋና ፍሬ ያለው እዚህ ላይ ነው። በእንዲህ ያለ ሰፈር ቤት ስትመርጡ የመኝታ ክፍሉን ብዛት ከመቁጠራችሁ በፊት በእግር ምን እንደሚደረስ ቁጠሩ። ሱቅ አለ? ትምህርት ቤት? ሐኪም? አውቶቡስ? እነዚህ በእግር የማይደረሱ ከሆነ የቤቱ ዋጋ 215,000 ፓውንድ ብቻ አይደለም። ሁለት መኪና፣ የሁለት መኪና ኢንሹራንስ፣ ነዳጅና ጥገና በላዩ ላይ አለ። አንድ መኪና ይበቃናል የሚሉ ሰዎች ብዙ ናቸው። አንዱ ፈረቃ ላይ ሲሆን ሌላው ልጅ ከትምህርት ቤት ማምጣት ሲኖርበት ሁለተኛው ይገዛል።

የኢትዮጵያው መንጃ ፈቃድ አያገለግላችሁም። እዚህ ነዋሪ ከሆናችሁበት ቀን ጀምሮ ለ12 ወር ብቻ ነው የሚያስነዳችሁ። ከዚያ በኋላ የጽሑፉንም የተግባሩንም ፈተና እንደ አዲስ ማለፍ ግድ ነው። ኢትዮጵያ በቀጥታ ከሚቀየርላቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ የለችም። አገር ቤት ስንት ዓመት ነዳሁ ማለት ፖሊስ ፊት አይሠራም፤ ኢንሹራንሱም ዋጋ አይኖረውም። የተግባር ፈተና ቀጠሮ ለወራት ሊያስጠብቅ ይችላል። አዲስ ፈቃድ ያወጣ ሰው ኢንሹራንስ ደግሞ ውድ ነው። በመጀመሪያዎቹ 2 ዓመታት ውስጥ 6 የጥፋት ነጥብ ከተያዘባችሁ ፈቃዱ ይሰረዝና ከዜሮ ትጀምራላችሁ።

ፌንስ ውስጥ መንዳት ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ብዙ መንገዶች ጥልቅ የውኃ ቦይ ተከትለው ነው የሚሄዱት፤ አጥር የለም። መሬቱ ስለሚሰምጥ አስፋልቱ ይጎብጣል። ጭጋግና በረዶ ሲጨመርበት መኪና ቦይ ውስጥ መግባቱ የተለመደ አደጋ ነው። ለንደን ውስጥ በሰዓት 20 ማይል የለመደ ሰው ይህን መንገድ ከአስተማሪ ጋር ደጋግሞ ቢነዳው ይበጀዋል።

አውቶቡስ የለም ማለት አይደለም። የአካባቢውን ከተሞች፣ ስፓልዲንግን፣ ሆልቢችንና ኪንግስ ሊንን የሚያገናኘው 505 ቁጥር አለ። ዋናው መንገድ ላይ ለሚኖር ሰው በቀን ጥሩ አገልግሎት ነው። እንግሊዝ ውስጥ የአንድ ጉዞ ዋጋ ጣሪያ ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ 3 ፓውንድ ነው። ከዋናው መስመር ውጭ ላሉ መንደሮች ደግሞ ኮልኮኔክት የሚባል ቀድሞ ተደውሎ የሚያዝ አነስተኛ አውቶቡስ አለ። ለሐኪም ቀጠሮና ለገበያ ይሆናል። ለሌሊት ፈረቃ ሠራተኛ ግን አንዱም አይሆንም። ምሽት ሲገባና እሑድ ሲሆን አገልግሎቱ ይሳሳል።

አሁን ወደ ባለቤትዎ ጉዞ። የለንደን ፈጣን ባቡር ከሚያዝባት ከተማ፣ ከፒተርቦሮ፣ እስከ ለንደኑ ኪንግስ ክሮስ ጣቢያ ፈጣኑ ባቡር አንድ ሰዓት አይሞላም። ወኪሉ የሚነግራችሁ ይህን ነው፤ ውሸት አይደለም። ነገር ግን ከመንደሩ እስከ ፒተርቦሮ በመኪና ወደ 40 ደቂቃ ነው። መኪና ከሌለ አውቶቡስ እስከ ስፓልዲንግ፣ ከዚያ ባቡር እስከ ፒተርቦሮ፣ ከዚያ ሌላ ባቡር። ከቤት በር እስከ ሆቴሉ በር ከ2 ሰዓት ተኩል በታች ማሰብ ራስን ማታለል ነው። መሄዱስ ይሁን። መመለሱ ነው የማይሆነው። ከለንደን ወደ ፒተርቦሮ በሌሊትም ባቡር አለ። ከፒተርቦሮ ወደ ስፓልዲንግ የሚሄደው የመጨረሻ ባቡር ግን የማታ ፈረቃ ሠራተኛን አይጠብቅም። ስለዚህ ወይ ፒተርቦሮ ጣቢያ መኪና ማቆም፣ ወይ ለንደን ዘመድ ቤት ማደር ነው። በሳምንት 3 ቀን የሚያድር አባት ደግሞ፣ እናት ብቻዋን በጨለማ መንደር ከሁለት ልጅ ጋር ናት ማለት ነው። ይህን አብራችሁ ቁጭ ብላችሁ አስቡበት።

ለትኬቱ፣ በ28 ቀን ውስጥ 8 ቀን ለሚጓዝ ሰው ፍሌክሲ ሲዝን የሚባል ቲኬት አለ። በሳምንት 3 ቀን ለሚሄድ ግን 8 ቀኑ ያልቅና ሌላ መግዛት ይመጣል። ከመወሰናችሁ በፊት የዓመቱን የጉዞ ወጪ ከባለቤትዎ የዓመት ደመወዝ ላይ ቀንሱት። በሆቴል ደመወዝ ይህ ስሌት ሲያዋጣ አላየሁም።

ቤቱ ራሱ ላይ ሦስት ነገር አሳስቦኛል። አንደኛ ማሞቂያው። የጋዝና የመብራት ዋጋ ላይ ኦፍጌም የሚባለው ተቆጣጣሪ ጣሪያ ያስቀምጣል። የማሞቂያ ዘይት ላይ ግን ጣሪያ የለም። ገበያው እንደወጣ ይወጣል። አብዛኛው አከፋፋይ ከ500 ሊትር በታች አያመጣም፤ ስለዚህ በየወሩ ጥቂት ጥቂት መክፈል የለመደ ቤተሰብ በአንድ ጊዜ ብዙ ገንዘብ ያወጣል። መንደሮቹ ለዚህ መላ አላቸው። ጎረቤቶች ተሰብስበው በጋራ ያዝዛሉ፣ ዋጋም ይቀንሳል። የቤቱን የኃይል ብቃት የምስክር ወረቀት በነፃ ኢንተርኔት ላይ ማየት ትችላላችሁ። ከ«ኤ» እስከ «ጂ» ይወርዳል። «ኤፍ» ወይም «ጂ» ካለ በረዶ ቤት ውስጥ ነው የምትኖሩት።

ሁለተኛው ፍሳሹ ነው። ከዋናው የፍሳሽ መስመር ርቀው የሚገኙ ቤቶች የሽንት ቤታቸው ፍሳሽ ግቢ ውስጥ ወዳለ ሴፕቲክ ታንክ ነው የሚሄደው። ፌንስ ውስጥ ቦይ በየቤቱ ደጃፍ ስለሚያልፍ፣ የጥንቶቹ ታንኮች ፍሳሻቸውን በቀጥታ ቦይ ውስጥ ይለቁ ነበር። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2020 ወዲህ ይህ አይፈቀድም። ሻጩ ካልቀየረው ቀያሪዎቹ እናንተ ናችሁ፤ ወጪውም ብዙ ሺህ ፓውንድ ነው። ሶሊሲተራችሁ፣ ማለትም የግዢውን ውል የሚይዝላችሁ ጠበቃ፣ ታንኩ የት እንዳለ፣ ወዴት እንደሚፈስ፣ መቼ እንደተመረመረ በጽሑፍ ይጠይቅ። «አይታወቅም» የሚል መልስ ከመጣ እንደ ችግር ቁጠሩት።

ሦስተኛው ውኃ ነው። ሆልቢችና ስፓልዲንግ ያሉበት ሳውዝ ሆላንድ ወረዳ ከባሕር ወለል ብዙም ከፍ አይልም። ካርታው ላይ ሰፊ ክፍሉ የጎርፍ ቀጣና 3 ተብሎ ተቀብቷል። ይህን አይታችሁ አትሩጡ። ካርታው የባሕር ግድቦቹን እንደሌሉ ቆጥሮ ነው የተሠራው። ግድቦቹንና ፓምፖቹን ጨምሮ ያለውን አደጋ ለማየት የመንግሥቱን የረጅም ጊዜ የጎርፍ ስጋት መፈለጊያ በፖስት ኮድ ተመልከቱ። ደግሞም አትዘናጉ። በ1953 የምሥራቅ ጠረፉ ማዕበል እንግሊዝ ውስጥ 307 ሰው ገድሏል። በዲሴምበር 2013 እዚሁ ሊንከንሻየር ባለችው ቦስተን ከተማ ውስጥ ባሕሩ ወንዙን ይዞ ገብቶ ብዙ መቶ ቤቶች ውኃ ገባባቸው፤ ከዚያ በኋላ ነው ትልቁ የባሕር ውኃ መዝጊያ የተሠራው። እናንተ ማድረግ ያለባችሁ ቀላል ነው። ቤቱን ከመግዛት ጋር ከመታሰራችሁ በፊት የቤት ኢንሹራንስ ዋጋ ከሁለት ሦስት ቦታ ጠይቁ። ፍለድ ሪ የሚባለው ዋጋውን የሚያረጋጋ አሠራር እስከ 2039 አለ። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2009 ወዲህ የተሠራ ቤት ግን አይሸፍንም። ይህ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ነው፤ አዲስ ቤት የተሻለ ዋስትና ያለው ይመስላቸዋል።

ባንኩ የሚልከው ገማችም ቤቱን አይመረምርላችሁም። የባንኩን ብድር ነው የሚጠብቀው። ያረጀ ቤት ከሆነ ደረጃ 3 የሚባለውን ሙሉ ምርመራ በራሳችሁ ሰርቬየር፣ ማለትም የቤት መርማሪ፣ አሠሩ።

አሁን ማንም ያልጠየቀኝን ልናገር፣ ምክንያቱም ወገኖቻችን በብዛት የሚጎዱበት ነው። አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም አላችሁ? ወይም በአንዳችሁ ስም ቤት አለ? የመጀመሪያ ቤት ገዢ እስከ 300,000 ፓውንድ ድረስ ስታምፕ ዲዩቲ የሚባለውን የቤት ግዢ ግብር አይከፍልም። ግን የመጀመሪያ ገዢ የሚባለው በዓለም ላይ የትም ቦታ ቤት ኖሮት የማያውቅ ሰው ነው። በእጣ የደረሰ ኮንዶሚኒየም ይቆጠራል፤ የወረሱት ቤትም እንዲሁ። ያ ብቻ ከሆነ 1,800 ፓውንድ ትከፍላላችሁ፣ ብዙም አይጎዳ። ነገር ግን አገር ቤት ያለው ቤት ዋጋው 40,000 ፓውንድ ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፣ እዚህ የምትገዙት እንደ ሁለተኛ ቤት ይታይና በጠቅላላ ዋጋው ላይ 5 በመቶ ይጨመራል። በ215,000 ላይ 10,750 ፓውንድ ነው። ከ1,800ው ጋር 12,550። ባልና ሚስት እንደ አንድ ስለሚታዩ፣ ቤቱ በባለቤቴ ስም ነው ማለት አያድንም። ማን ያውቃል ብላችሁ አትደብቁ፤ ቅጹ ላይ የምትፈርሙት የግብር ማረጋገጫ ነው። ለሶሊሲተሩ በመጀመሪያው ቀን ንገሩት።

ካውንስል ታክስ የሚባለው የአካባቢ አስተዳደር ግብርም ገጠር ስለሆነ ይቀንሳል ብላችሁ አታስቡ። እንግሊዝ ውስጥ ቤቶች የሚመደቡት በኤፕሪል 1991 በነበራቸው ዋጋ ነው፤ ተመኑን የሚያወጣው ደግሞ የየአካባቢው አስተዳደር ነው። በአገሪቱ ዝቅተኛውን ከሚያስከፍሉት መካከል ዌስትሚንስተርና ዋንድስወርዝ፣ ሁለቱም ለንደን ውስጥ ያሉ፣ ይገኛሉ። ሌላም አለ። ለንደን ውስጥ ለካውንስል ቤት ተመዝግባችሁ ከሆነ፣ ከአካባቢው ስትወጡ ተራው እንደሚጠፋባችሁ እወቁ። ተመልሶ መመዝገብ እንደ ድሮው አይሆንም። የሥራ ፈቃዳችሁ ከአሠሪ ጋር የታሰረ ከሆነ ደግሞ ከቤት በፊት ሥራው ይቅደም።

ስለ ሰዉ የምትፈሩት ነገር እንዳለ ከደብዳቤው ይገባኛል፣ በግልጽ ባይጻፍም። ልሸፋፍነው አልፈልግም። በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ ከአውሮፓ ኅብረት እንውጣ ብሎ በመላው አገሪቱ በከፍተኛ ድምፅ የመረጠው ቦስተን ነው፣ 75.6 በመቶ። ሳውዝ ሆላንድ በ73.6 በመቶ ተከትሎታል። ምክንያቱ አለው። ከ2004 በኋላ ከፖላንድ፣ ከሊትዌኒያ፣ ከላትቪያ በኋላም ከሮማኒያና ከቡልጋሪያ ብዙ ሠራተኛ በጥቂት ዓመታት ውስጥ መጣ፤ ኪራይ ተወደደ፣ ክሊኒክ ተጨናነቀ። ሰው ያማረረው ይህን ነበር። ይህ ማለት ጎረቤታችሁ ይጠላችኋል ማለት አይደለም። ደንበኞቼ የሚነግሩኝ በአብዛኛው ስለ ማፍጠጥ፣ ስለ ሞኝ ጥያቄና ስለ ብቸኝነት ነው። ልጃችሁ ክፍሉ ውስጥ ብቸኛው ጥቁር ልጅ ሊሆን ይችላል። ለዚህ አስቀድማችሁ አዘጋጁት። ዛቻና ስድብ ሲመጣ ደግሞ በዝምታ አትለፉት። አስቸኳይ ከሆነ 999፣ ካልሆነ 101 ለፖሊስ ደውሉና በጥላቻ ወንጀልነት አስመዝግቡ።

በሌላ በኩል ሰዉ ሰላምታ ይሰጣል። መንገድ ላይ የማያውቃችሁ ሰው እጁን ያነሳላችኋል። ታዲያ ይህን እንደ ወዳጅነት አትቁጠሩት፤ ቤት ግቡ ማለትም አይደለም። እዚህ ወዳጅነት የሚመጣው በሥራ ነው። የመንደሩ አዳራሽ ውስጥ ሻይና ኬክ ይሸጣል፣ ወንበር የሚያነሳ ሰው ይፈለጋል። የልጆች እግር ኳስ ቡድን ውኃ የሚያቀርብ ወላጅ ይፈልጋል። ሁለት ሦስት ጊዜ ወንበር ያነሳ ሰው ስሙ ይታወቃል። ድፎ ዳቦ ይዛችሁ ብትሄዱ ደግሞ የሚቀጥለው ወር ትጠየቃላችሁ።

የሚጎድላችሁ የራሳችሁ ሰው ነው። በእግር የሚኬድበት የአበሻ ሱቅ የለም፤ ጤፍ በፖስታ ነው የምታዝዙት፣ እንጀራውን ቤት ትጋግራላችሁ። ቤተ ክርስቲያን ለመሳለም አብዛኛውን ጊዜ ለንደን መውረድ ይመጣል። የፋሲካ ሌሊት ቅዳሴ አድሮ የሚመለስ ቤተሰብ መኪና ከሌለው ጠዋት ድረስ ባቡር ይጠብቃል። ለቅሶና ክርስትና ላይ መቅረት ሲደጋገም ሰው ይቀየማል። ከለንደን የወጡ ወገኖች ተመልሰው ሲገቡ የማየው ከዘረኝነት ይልቅ በዚህ ምክንያት ነው። ጓደኞቻችሁ «ልትቀበሩ ነው» ሲሉ እንግዲህ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም።

ለልጆቹ፣ ለትልቁ ጊዜው እየሮጠ ነው። ሊንከንሻየር እስካሁን በፈተና የሚያስገቡ ግራመር ትምህርት ቤቶች አሉት፤ ስፓልዲንግ ውስጥ ብቻ ሁለት። ፈተናው የሚሰጠው 6ኛ ዓመት ሲጀመር በሴፕቴምበር ነው፤ ምዝገባው ቀድሞ ይዘጋል። የሁለተኛ ደረጃ ማመልከቻ መጨረሻው ኦክቶበር 31 ነው። ስለዚህ የ9 ዓመት ልጅ ይዞ የሚዛወር ቤተሰብ የመዛወሪያውን ወር በዚህ ነው መምረጥ ያለበት። ፈተናውን ባያልፍም ሆልቢች ራሷ መደበኛ ሁለተኛ ደረጃ አላት። ከ8 ዓመት በታች ያለ ልጅ ቅርቡ ተስማሚ ትምህርት ቤት ከ2 ማይል በላይ፣ 8 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ ደግሞ ከ3 ማይል በላይ ከራቀው ነፃ መጓጓዣ መብቱ ነው። ቅርቡን ትታችሁ ሌላ ከመረጣችሁ ግን መብቱ ይቀራል።

ሐኪም መመዝገብ ያን ያህል አያስቸግርም፤ አንዳንድ የገጠር ጂፒ መድኃኒቱንም ራሱ ይሰጣል። ስፓልዲንግ ያለው ጆንሰን ሆስፒታል ግን የድንገተኛ ክፍል የለውም። ለዚያ ቦስተን ያለው ፒልግሪም፣ ፒተርቦሮ ወይም ኪንግስ ሊን ነው የሚኬደው። አዲስ ታካሚ የሚቀበል የኤንኤችኤስ (የመንግሥት ጤና አገልግሎት) ጥርስ ሐኪም ማግኘት በዚህ ክፍለ አገር ከባድ ነው። ለንደን ያለውን የጥርስ ሐኪማችሁን አትልቀቁ።

ለእርስዎ ሥራ አይጠፋም። አካባቢው ጡረተኛ የበዛበት ስለሆነ መንከባከቢያ ቤቶች ሠራተኛ ይፈልጋሉ። ቤት ለቤት የሚሄደው ሥራ ግን መኪና ይጠይቃል። ለባለቤትዎም ማሸጊያና የምግብ ፋብሪካ ሥራ አለ፤ ፈረቃው ከባድ ነው፣ አብዛኛውም በኤጀንሲ በኩል ነው። በኤጀንሲ የሚሠራ ሰው ሞርጌጅ (የቤት ብድር) ሲጠይቅ ባንኮች የገቢውን ታሪክ አጥብቀው ያያሉ። ስለዚህ ብድሩ ከመጽደቁ በፊት ቋሚ ሥራ አትልቀቁ። ደግሞ የለንደኑን ሥራ የምትለቁ መሆኑን ከባንኩ መደበቅ አይቻልም።

እንግዲህ ብታደርጉት የምለው ይህ ነው። ዘንድሮ አትግዙ። ስፓልዲንግ ውስጥ፣ ከባቡር ጣቢያው በእግር በሚደረስ ቦታ፣ ተከራዩ። ክረምቱን እዚያ አሳልፉ፤ ከኦክቶበር እስከ ማርች። በጋ ላይ ፌንስን ማየት ምንም አያሳያችሁም። በዚያ ጊዜ ውስጥ ሁለታችሁም መንጃ ፈቃድ አውጡ፤ አንዳችሁ ብቻ አይበቃም። ልጁ ትምህርት ቤቱን ይልመድ። ክረምቱን ከወደዳችሁት ስፓልዲንግ ወይም ከሷ ጋር በተያያዘችው ፒንችቤክ ውስጥ፣ የጋዝ መስመር ያለው፣ ፍሳሹ ከዋናው መስመር የተገናኘ ቤት ፈልጉ። ግቢው ያነሰ ይሆናል። ባለቤትዎ የለንደኑን ሥራ በምንም ምክንያት የማይለቅ ከሆነ ግን ስፓልዲንግም አይሆናችሁም። ፒተርቦሮ ዳርቻ ተከራዩ፣ ሰፊውን ግቢ እርሱት።

ለሆልቢቹ ቤት ዋጋ አቅርባችሁ ተቀባይነት አግኝታችሁ ከሆነም አትደንግጡ። እንግሊዝ ውስጥ ውል እስኪለዋወጡ ድረስ ገዢም ሻጭም አልታሰሩም። ዛሬ ለወኪሉ ደውላችሁ ትተነዋል ማለት ትችላላችሁ። የምትከስሩት እስካሁን ለሰርቬየርና ለሶሊሲተር የከፈላችሁትን ብቻ ነው።